የድሮውን የሻይ ጽጌረዳ ከግቢያችን አናስወጣው

መግቢያ

ዕድሜ በጠገቡ የከተማ ግቢዎች ውስጥ ከአጥሩ ጥግ ወይም ከበረንዳው ደረጃ አጠገብ አንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ቆሞ ማየት የተለመደ ነው። ቁመቱ ከሰው ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ግንዱ ወፍሮ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቋል፤ ማን እንደ ተከለውና ከየት እንደ መጣ ከቤቱ ሰዎች አንዱም በእርግጠኝነት አይናገርም። የፋብሪካ ማዳበሪያ አያውቅም፤ መድኃኒትም ተረጭቶበት አያውቅም። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ጥቂትም ቢሆን አበባ አያጣም። የቤቱ እመቤት ለበዓል ከረከቦቱ አጠገብ የምታኖረው፣ ጎረቤት ሲታመም ይዛ የምትሄደው አበባ ከዚሁ ቁጥቋጦ የተቆረጠ ነው።

ይህ ቁጥቋጦ ዛሬ በየቦታው እየተነቀለ ነው። ግቢው በሲሚንቶ ሲነጠፍ፣ ቤቱ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ፣ ወይም «ዘመናዊ» የሚባል ጽጌረዳ ሲገዛ አሮጌው ይወገዳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አጭር ነው። ለደጋና ለወይና ደጋ የመኖሪያ ግቢ የድሮው የሻይ ጽጌረዳ ለገበያ ከተዘጋጁት አዲሶች ዝርያዎች ይልቅ ተስማሚ ነው። ለመጥፋቱም ተጠያቂው ባለ ግቢው ብቻ ሳይሆን ምክር ሰጪው ባለሙያ፣ ማለትም እኛው ራሳችን ጭምር ነን። ይህን ለምን እንደምንል ከዚህ በታች እናስረዳለን።

የሻይ ጽጌረዳ ማለት ምን ማለት ነው?

የሻይ ጽጌረዳ መነሻው ቻይና ነው። የተገኘውም ከሁለት የጽጌረዳ ዓይነቶች መዳቀል ነው። አንደኛው ሮዛ ቺነንሲስ በመባል የሚታወቀው የቻይና ጽጌረዳ ነው። ሁለተኛው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በሰሜን በርማና በሰሜን ምሥራቅ ህንድ ተራሮች ላይ የሚበቅለው፣ በዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ብዙ ሜትር የሚወጣው ሮዛ ጂጋንቲያ ነው። ከመጀመሪያው ሳያቋርጥ የማበብን ባሕርይ ወረሰ። ከሁለተኛው ደግሞ ሾጠጥ ያለ ረዥም እምቡጥ፣ ሰፊ የአበባ ቅጠልና ያንን የተለየ መዓዛ አገኘ። «የሻይ» የተባለውም መዓዛው አዲስ የሻይ ቅጠል ስለሚያስታውስ ነው።

ከዚህ ወገን የሆኑ ሁለት ተክሎች፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ሌላው ቢጫ፣ በ1809 እና በ1824 እ.ኤ.አ. ከቻይና ወደ እንግሊዝ ሀገር ገቡ። የፈረንሳይና የእንግሊዝ አዳቃዮች ከእነዚህ ተነሥተው በመቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ብዙ ዝርያ አወጡ። ለምሳሌ ያህል ሳፍራኖ በ1839፣ ዱሼስ ደ ብራባን በ1857፣ ማሪ ቫን ሁት በ1871፣ ሌዲ ሂሊንግደን በ1910 እ.ኤ.አ. ለአትክልተኞች ቀረቡ። እነዚህ ዝርያዎች በሞቃት አገሮች የአትክልት ቦታዎች እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ።

በግቢያችን ያለው ቁጥቋጦ ከዚህ ወገን መሆን አለመሆኑን ለመገመት የሚከተሉትን ምልክቶች መመልከት ይጠቅማል።

1. አዲስ የሚወጣው ለጋ ቀንበጥ ቀላ ያለ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም አለው።
2. ቅጠሉ ለስላሳ ነው፤ እሾሁ ብዙ ባይሆንም ሰፋ ያለና ወደ ታች የታጠፈ ነው።
3. እምቡጡ ረዥምና ሾጠጥ ያለ ነው፤ አበባው ሲከፈት አንገቱን ወደ ታች ይደፋል።
4. ቀለሙ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሮዝ፣ ቢጫና መዳብ የመሰለ ቀለም በአንድ አበባ ላይ ተቀላቅሎ ይታያል፤ እንደ አየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜም ይለዋወጣል።
5. ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ሳያራግፍ ዓመቱን ይዘልቃል፤ ውሃ ካገኘም በበጋ ያብባል።

ለምን ተረሳ?

የሻይ ጽጌረዳ ከዓለም ገበያ የወጣው ጉድለት ስለ ተገኘበት አይደለም። በሰሜን አውሮፓ ውርጭና በረዶ ስላልቻለ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ አሥር ዲግሪ ሲጠጋ ግንዱ ይሞታል። ስለዚህም በእነዚያ አገሮች በመስተዋት ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት አቅም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። አዳቃዮችም ብርድ ከሚችሉ ሌሎች ጽጌረዳዎች ጋር አዳቀሉት፤ በ1867 እ.ኤ.አ. የወጣው ላ ፍራንስ የተባለው ዝርያ የዚህ አዲስ ወገን የመጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል። በ1900 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሶሌይ ዶር የተባለው ዝርያ ደማቁን ቢጫ ቀለም ከአንድ የምዕራብ እስያ ጽጌረዳ ይዞ መጣ። ከቀለሙ ጋር ግን ጥቁር ነጠብጣብ ለተባለው የቅጠል በሽታ የመጋለጥን ባሕርይ አብሮ አስገባ።

እንግዲህ ነገሩን ከእኛ አገር ሁኔታ ጋር እናመዛዝነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቀኑ ለዘብ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ተክሉን የሚገድል የበረዶ ወራት የለም። አውሮፓዊው አትክልተኛ በመስተዋት ቤት በብዙ ወጪ የሚፈጥረውን አየር እኛ በደጃችን በነፃ እናገኘዋለን። ይህ ሆኖ ሳለ ለማይመጣብን በረዶ ተብሎ የተዳቀለውን ጽጌረዳ እየገዛን፣ ለአየራችን የሚስማማውን ነቅለን እንጥላለን። እንደ እኛ አስተያየት ይህ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ እንደ መልበስ ነው።

እኛ የሠራነው ስሕተት

ይህን ስንጽፍ ጥፋቱን በሌላ ላይ ለመጣል አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅን በሁለተኛው ዓመት በአንዲት ወይና ደጋ ከተማ ለነዋሪዎች የጓሮ አትክልት ሠርቶ ማሳያ እንድናደርግ ተላክን። በእጃችን የነበረው መመሪያ ጽጌረዳ በየዓመቱ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ተትቶ እንዲገረዝ ያዝዛል። መመሪያው የተወሰደው ከቀዝቃዛ አገር ጽሑፍ መሆኑን ያኔ አላስተዋልንም።

ለማሳያ የመረጥነው የአንዲት አረጋዊት እናት ግቢ ነበር። ቁጥቋጦው ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት ነበረው፤ በዚያን ቀንም ሃያ የሚሆን አበባ ይዞ ነበር። መቀሱን ስናወጣ እናቲቱ፣ «ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የደረቀውን ብቻ ነው የማነሣለት፤ እንዲህ ከተቆረጠ አይከፋውም ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኛም፣ «አይከፋውም እማማ፤ እንዲያውም ይታደሳል» ብለን ሰው እያየ እስከ ጉልበት ድረስ ቆረጥነው።

ቁጥቋጦው በጥቅምት ቀጫጭን ቀንበጥ አወጣ። በኅዳር ሌሊት የወረደው ውርጭ ለጋውን አቃጠለው። ደግሞ የሚያወጣበት አቅም አልነበረውም። በልግ ሲገባ ሄደን ብናየው እስከ ሥሩ ደርቆ አገኘነው። እናቲቱ አልተቆጡንም፤ ቡና አፍልተው አስቀመጡን። ከሦስተኛው ስኒ በኋላ፣ «እናንተ የተማራችሁትን ነው ያደረጋችሁት፤ እርሱ ግን አልተማረም» አሉ። ያን ጊዜ ሳቅን፤ ነገር ግን በሙያችን ከተነገሩን ትችቶች ሁሉ ይህን ያህል የገባን የለም።

ደግነቱ፣ እናቲቱ ከዓመታት በፊት ለጎረቤታቸው ልጅ የጫጉላ ቤት ከዚያው ቁጥቋጦ ቆርጠው ሰጥተው ነበር። ያ ቁራጭ በሁለተኛው ቤት አድጎ አገኘነው። ከእርሱ ስድስት ቁራጭ ወስደን ብንተክል ሁለቱ ያዙ፤ አንዱን በቀድሞው ቦታ መልሰን ተከልንላቸው። ዛሬ ከአጥሩ በላይ ይታያል። ያ ቁራጭ ቀድሞ ባይሰጥ ኖሮ ግን ያንን ዝርያ እኛ በአንድ ቀን አጥፍተነው ነበር።

የሞተበት ምክንያት ግልጽ ነው። በብርድ አገር ያለው ጽጌረዳ ቅጠሉን አራግፎ ወራት ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ቢቆረጥም ከሥሩ ኃይል ያወጣል። የሻይ ጽጌረዳ ግን አያርፍም። ምግቡን የሚያከማቸው በግንዱና በቅርንጫፉ ውስጥ ነው፤ አዲሱንም ቅርንጫፍ የሚያወጣው በአሮጌው ላይ እየደረበ ነው። አሮጌውን ግንድ መቁረጥ ጎተራውን ማቃጠል ማለት ነው። እናቲቱ የዕፅዋትን ሳይንስ ባይማሩም፣ አርባ ዓመት በማየት ከእኛ መመሪያ የተሻለውን ደርሰውበት ነበር።

ለገበያ የሚሆነውና ለግቢ የሚሆነው

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱና በሌሎችም አካባቢዎች የአበባ እርሻ በሰፊው ተስፋፍቷል። ለብዙ ሰው ሥራ ከፍቷል፤ የውጭ ምንዛሪም ያስገኛል። እኛ የአበባ እርሻን አንቃወምም። የምንቃወመው ለእርሻው የተመረጠው ዝርያ ለመኖሪያ ግቢም ይሆናል የሚለውን አስተሳሰብ ነው።

ለገበያ የሚዘጋጀው ጽጌረዳ የሚመረጠው ግንዱ ረዥምና ቀጥ ያለ እንዲሆን፣ በአውሮፕላን ተጉዞ በማስቀመጫ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ነው። መዓዛ በዚህ ምርጫ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። አስተዳደጉም በላስቲክ ቤት ውስጥ ነው፤ ዝናብ ቅጠሉን አይነካውም፤ ውሃና ማዳበሪያ በቀጭን ቱቦ በልኩ ይደርሰዋል፤ ተባይና በሽታን የሚከታተል ሠራተኛ በየቀኑ ይመለከተዋል። ይህን ተክል አውጥተን በሐምሌ ዝናብ ውስጥ በሜዳ ስናቆመው በጥቁር ነጠብጣብ ተመትቶ ቅጠሉን ቢያራግፍ ጥፋቱ የተክሉ አይደለም። ከለመደው ኑሮ ያወጣነው እኛ ነን።

ሌላም ልዩነት አለ። የገበያው ጽጌረዳ በአብዛኛው በሌላ የጽጌረዳ ሥር ላይ ተለጥፎ የሚያድግ ነው። የላዩ ክፍል ቢሞት ከሥር የሚወጣው የገዛነው ሳይሆን ባዕዱ ነው። ባለ ግቢው፣ «ጽጌረዳዬ ተለወጠ» ሲል የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ከቁራጭ ተተክሎ በራሱ ሥር የቆመ የሻይ ጽጌረዳ ግን በእንስሳ ቢበላ ወይም ግንዱ ቢሰበር፣ ሥሩ እስካለ ድረስ መልሶ የሚያወጣው ራሱን ነው።

የሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ ስናቀርብ የሥራ ባልደረቦቻችንም ሆኑ ባለ ግቢዎች የሚያነሧቸው ተቃውሞዎች አሉ። አንዳንዶቹ እውነትነት ስላላቸው ሳንሸሽ መመለስ ይገባናል።

«ቦታ ይፈጃል» ይባላል። እውነት ነው፤ በሙሉ ዕድሜው እስከ ሁለት ሜትር ቁመትና አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ይደርሳል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ግን አንድ ሆኖ የሚቆም ቁጥቋጦ ከስድስት የታመሙ ትንንሽ ጽጌረዳዎች ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ ከሥሩም ቅመማ ቅመም ሊተከል ይችላል።

«አንገቱ ደካማ ነው፤ በማስቀመጫ አይቆምም» ይባላል። ይህም እውነት ነው። በማለዳ ተቆርጦ ዝርግ በሆነ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቢደረግ ጥቂት ቀን ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠበቅም። ይሁን እንጂ አንገቱን የሚደፋ አበባ በቁመታችን ከፍ ባለ ቁጥቋጦ ላይ ሲሆን ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል። ጉድለት የሆነው ለአበባ ሻጩ ነው፤ በቁጥቋጦው ሥር ለሚያልፍ ሰው ጉድለት አይደለም።

«በክረምት እምቡጡ ሳይከፈት ይበሰብሳል» ይባላል። ይህ ከሁሉም ይልቅ ትክክለኛው ተቃውሞ ነው። የአበባ ቅጠላቸው ብዙና ስስ የሆኑት ዓይነቶች በሐምሌና በነሐሴ ብዙ እምቡጥ ያጣሉ። ለዚህ የተሟላ መፍትሔ የለንም። የአበባ ቅጠላቸው ጥቂት የሆኑት የተሻለ ይቋቋማሉ፤ የበሰበሰውንም ፈጥኖ ማንሣት በሽታው ወደ ቀንበጡ እንዳይወርድ ያደርጋል። ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ቁጥቋጦው የዘገየውን ሁሉ ይከፍላል።

«በዚህ የኑሮ ውድነት ጎመንና ድንች ይቅደም እንጂ ጽጌረዳ ምን ይሆናል?» ይባላል። እኛ የሰብል ባለሙያዎች ነን፤ ጎመንና ድንች አይተከል አንልም። ይተከል፤ ይቅደምም። ነገር ግን አንድ ቁጥቋጦ የሚይዘው ከሦስት ካሬ ሜትር ያነሰ ቦታ የቤተሰቡን ቀለብ አይወስንም። አጥር ጥግና ደረጃ ሥር ያለው ቦታም ብዙ ጊዜ ለአትክልት አይውልም። ለንብ ግን ብዙ ይጠቅማል ብለን አንዋሽም፤ የአበባ ቅጠሉ ተደራራቢ የሆነ ጽጌረዳ ለንብ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ለንብና ለአጥር ጥቅም የሚሻለው የራሳችን ቀጋ ነው። ነጭ አበባው መዓዛ አለው፤ ፍሬውም ይበላል፤ በደጋው ያለ እንክብካቤ ይበቅላል። ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ቀጋውን በአጥሩ፣ የሻይ ጽጌረዳውን በደጁ ቢተክል ሁለቱንም ጥቅም ያገኛል።

አተካከልና አያያዝ

ከላይ ያቀረብነው አስተያየት በሥራ ካልተደገፈ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ባለ ግቢው ሊከተለው የሚገባውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1. ቦታ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ በተለይም የጧት ፀሐይ ፈጥኖ ጤዛውን የሚያደርቅለት ቦታ ይመረጥ። የጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ዘር በቅጠል ላይ የሚበቅለው ቅጠሉ ሰባት ሰዓት ለሚያህል ጊዜና ከዚያ በላይ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። ከባሕር ዛፍ አጠገብ መትከል አይገባም፤ ሥሩ ውሃውን ይሻማል።

2. አፈር። ቀይ አፈር ከብስባሽ ጋር ከተቀላቀለ ተስማሚ ነው። በመረሬ አፈር ላይ ግን ውሃ በክረምት ስለሚተኛ ሥሩ ይታፈናል። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ፣ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ቀድዶ መትከል ያስፈልጋል።

3. ጉድጓድ። ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተቆፍሮ፣ የወጣው አፈር ከሁለት ባልዲ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይመለስ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በሁለት ተክሎች መካከል ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይተው። የመትከያው ጊዜ ዝናብ ሲጀምር፣ በሰኔ ነው።

4. ውሃ። በበጋ ለአንድ ትልቅ ቁጥቋጦ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሊትር ቀስ ብሎ ከሥሩ ማፍሰስ ይበቃል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራል፤ ቅጠሉን ማርጠብም በሽታ ይጋብዛል።

5. ጉዝጓዝ። ክረምቱ እንደ ወጣ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ ወይም የደረቀ ሣር ይነጠፍ። ግንዱን ግን አይንካው። የምስጥ ችግር ባለበት ቦታ ከገለባ ይልቅ የበሰለ ብስባሽ ይሻላል።

6. ምግብ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሰኔ መጀመሪያና በጥቅምት፣ አንድ አንድ ባልዲ ብስባሽ ይበቃዋል። በቀይ አፈር ላይ አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ ቢጨመር አይጎዳም። የፋብሪካ ማዳበሪያ ማብዛት ግን ለስላሳ ቀንበጥ ያበዛና ክሽክሽን ይጠራል።

7. ግርዘት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የደረቀና የተሰበረ ካልሆነ በቀር ምንም አይቆረጥ። ከዚያም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቁጥቋጦው ከአራት እጅ አንዱን እጅ በላይ ማንሣት አይገባም። የሚነሣውም የሞተው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ነው። የጠወለገ አበባ ከሥሩ ካለው የመጀመሪያ ሙሉ ቅጠል በላይ ይቀነጠስ። ውርጭ በሚወርድባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ግርዘቱ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ካለፈ በኋላ በጥር መጨረሻ ይሁን። ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛ ሲዛወር መቀሱ በአልኮል ይጠረግ።

8. ተባይና በሽታ። ክሽክሽ በለጋው ላይ ሲታይ በጣት መጥረግ፣ ከበዛም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ መርጨት ይበቃል። ጥቁር ነጠብጣብ የያዘው ቅጠል ከመሬት ተለቅሞ ይቃጠል፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣል። በበጋ ዱቄት የመሰለ ነጭ በሽታ ቢታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥሩ ውሃ ጠምቶት እንደ ሆነና አየር ታፍኖ እንደ ሆነ ነው። ለአንድ የግቢ ቁጥቋጦ ሲባል ፀረ ተባይ ገዝቶ ልጆች ባሉበት ቤት ማስቀመጥን አንደግፍም።

ማባዛት

የሻይ ጽጌረዳ የሚባዛው ከቁራጭ ነው። ዘሩ ወላጁን አይመስልም። በሰኔ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ፣ አበባው በቅርቡ ከረገፈበት ቅርንጫፍ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለውና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ይወሰድ። ሦስት ወይም አራት ዓይን ሊኖረው ይገባል። ከታችኛው ዓይን ሥር በስለት ይቆረጥ፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶ ሌላው ይነሣ። ግማሽ አሸዋና ግማሽ ብስባሽ በተሞላ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ተቀብሮ በጥላ ሥር ይቀመጥ። ከታች የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢደፋበት እርጥበቱን ይጠብቅለታል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። ስቦ ማየት አይገባም፤ አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ምልክት ነው። በቆርቆሮው እስከሚቀጥለው ሰኔ ቢቆይ ይመረጣል። ሁሉም አይዝም፤ ስለዚህ አንድ የሚፈልግ ሰው ስድስት ይትከል።

ምን ይደረግ?

ቤርሙዳ በምትባለው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ደሴት በ1954 እ.ኤ.አ. የጽጌረዳ አትክልተኞች ማኅበር ተቋቁሟል። አባላቱ በአሮጌ ግቢዎችና በመቃብር ቦታዎች ያገኟቸውን ስማቸው የጠፋ ጽጌረዳዎች ቁራጭ እየወሰዱ አባዝተዋል፤ ትክክለኛ ስማቸው ሳይታወቅ በተገኙበት ሰፈር ወይም ግቢ ስም ይጠሯቸዋል። ከእነዚህም መካከል የሻይ ጽጌረዳዎች ይገኛሉ። ይህን ለማድረግ ትልቅ ሕንፃም፣ ትልቅ በጀትም አላስፈለገም። እኛም ማድረግ አያቅተንም።

ስለዚህ ለባለ ግቢዎች የምናቀርበው ጥሪ ይህ ነው። ቤት ሊፈርስ ወይም ግቢ ሊነጠፍ ሲል ከመቆፈሪያው በፊት መቀስ ይቅደም። ከቁጥቋጦው ቢያንስ አሥር ቁራጭ ወስዳችሁ ለሦስት ቤት አከፋፍሉ፤ በአንድ ቤት ብቻ ያለ ዝርያ በአንድ ቀን ይጠፋል። በቆርቆሮው ላይ የተገኘበትን ሰፈርና የተወሰደበትን ዓመተ ምሕረት ጻፉ። ስም ፈልጋችሁ አትጨነቁ፤ ያልተረጋገጠ የፈረንሳይ ስም ከመለጠፍ የሰጪዋን እናት መጠሪያ መያዝ ይሻላል።

ለችግኝ ጣቢያዎችም የምንለው አለን። ከሚሸጡት ችግኝ መካከል ጥቂቱን እንኳ በራሱ ሥር የቆመ የድሮ ጽጌረዳ ቢያደርጉት ከሥር ማስመጣትና ከመለጠፍ ወጪ ይድናሉ፤ ገዢውም በሁለተኛው ዓመት ተማርሮ አይመለስም።

ለሙያ ጓደኞቻችን ደግሞ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየመመሪያው ውስጥ ያለው የጽጌረዳ ግርዘት ምክር በየትኛው አገር አየር እንደ ተጻፈ ይመርመር። ሁለተኛ፣ በአንድ የምርምር ጣቢያ ጥግ ላይ ጥቂት መደቦች ተከልለው ከየከተማው የሚሰበሰቡት ቁራጮች ጎን ለጎን ይተከሉ። በክረምት የትኛው ቅጠሉን እንደሚይዝ፣ የትኛው እምቡጡን እንደሚያጣ ለጥቂት ዓመታት ከተመዘገበ ለሕዝብ የምንሰጠው ምክር ከሌላ አገር መጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን መሬት የወጣ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የሻይ ጽጌረዳ ትርፍ የሚያስገኝ ሰብል አይደለም፤ ነው ብለንም አላቀረብነውም። ነገር ግን አነስተኛ ድካም የሚጠይቅ፣ ከአየራችን ጋር የሚስማማ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከቤት ወደ ቤት በቁራጭ የሚተላለፍ ተክል ነው። እስከ አሁን ጠብቀው ያቆዩት የምርምር ተቋማት ሳይሆኑ የደረቀውን ብቻ እያነሡ ሌላውን የተዉት እናቶች ናቸው። ከእኛ የሚጠበቀው የእነርሱን ሥራ አለማፍረስና ካወቁት ላይ ጥቂት መጨመር ነው።

በመጪው ሰኔ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያርስ፣ አንድ ቁራጭ ለራሳችሁ፣ አንድ ቁራጭ ለጎረቤታችሁ ትከሉ። ቁጥቋጦው በግቢያችሁ ከሌለ ያለበትን ቤት ጠይቁ፤ የአበባ ቁራጭ ጠይቆ የተከለከለ ሰው እኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።